የእግር እሳት

አማርኛ ለእግር ብዙ ሥራ ሰጥቶታል። ሳናስበው የደረስንበት ቦታ «እግር የጣለን» ነው፤ አንዱን ጉዳይ ስንፈጽም ሌላውን ደርበን የሠራነው «እግረ መንገዳችንን» ነው፤ የፈራ ሰው የሚማጸነው ፈረሱን ሳይሆን «እግሬ አውጪኝ» እያለ የገዛ እግሩን ነው። መላ ያጣንለት ጭንቅ ሲገጥመን ደግሞ «የእግር እሳት ሆነብኝ» እንላለን። ከእነዚህ ሁሉ ለዛሬው ወጌ የሚያስፈልገኝ ይህ የመጨረሻው ፈሊጥ ነው። ሰው ራስ ምታቱን ሻሽ አስሮ ይችለዋል፤ የሆድ ቁርጠቱን አጎንብሶ ያሳልፈዋል፤ እሳት የረገጠ እግር ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ያስዘልላል።

እኔ የማወጋችሁ እሳት ረግጠው ስለማይዘሉ ሰዎች ነው።

የስኳር ሕመም ለዓመታት ሳይገታ ከቆየ የእግርን ነርቮች ይጎዳል። ብዙዎች በመጀመሪያ ሌሊት ሌሊት የሚብስ ማቃጠልና መጠቅጠቅ ይሰማቸዋል፤ ቃል በቃል የእግር እሳት ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱ እየከሰመ ይሄዳል። ሕመምተኛውም «እፎይ፣ ተሻለኝ» ይላል። በሽታው ግን እንዳለ ነው፤ የከሰመው በሽታውን የሚናገረው አንደበት ነው። ከዚህ ወዲያ ሚስማር ቢወጋው፣ የጫማ ስፌት ቢልጠው፣ የከሰል ፍም ቢያርፍበት እግሩ ወሬ አያቀብልም። በዓለም ላይ የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ 1.9 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህ ሕመም አለባቸው። ስሌቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረታችን። እዚህ ላይ ተረቱ ይገለበጣል፤ በሽታው ነው ራሱን ከባለቤቱ የሚደብቀው።

የአዲስ አበባን ታሪክና የዚህን ቁስል ታሪክ አንድ ዓመት ያገናኛቸዋል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋ የተቆረቆረችበት 1879 ዓ.ም. ከመገባደዱ በፊት፣ በእንግሊዝ አገር ፕራይስ የተባለ ሐኪም ከሁለቱም እግሮቹ ሥር ቀዳዳ የመሰለ ቁስል ስለ ወጣበት አንድ የስኳር ሕመምተኛ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፈ። የፕራይስ ብልህነት ቁስሉን ከነርቭ መጎዳት ጋር ማያያዙ ነበር። ሰሚ ግን ብዙ አላገኘም። ከእርሱ በኋላ ለረጅም ዘመን አብዛኛው ሐኪም የስኳር ሕመምተኛን የእግር ቁስል የደም ስር መደፈን ያመጣው፣ መመለሻ የሌለው መበስበስ አድርጎ ያየው ነበር። መመለሻ ለሌለው ነገር ደግሞ መልሱ መጋዝ ነው።

በዚያው ዘመን በአራዳ የሚመላለሰው እግር አብዛኛው ባዶ እግር ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቀሩትን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው ካባ የደረበ፣ ጎራዴ የታጠቀ መኰንን ባዶ እግሩን ቆሞ ያያል። ፈረሰኛው እርካቡን የሚቆናጠጠው በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መካከል ነበር፤ እርካቡ ራሱ ለጫማ አልተሠራም። ያ እግር መርገጫው እንደ ቁርበት የጠነከረ ቢሆንም ንቁ ነበር፤ ጠጠሩን ከእሾኹ ለይቶ ያውቃል። ባለቤቱም ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ እሾኹን በመርፌ ያወጣል። የከተማይቱ ታላቅ ገበያ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የሚቆመው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ስለ ነበር፣ ከየአቅጣጫው የመጣው የገበያተኛ እግር የሚገናኘው እዚያ ነው። ለቆሰለው ወጌሻ ነበረው፤ ማርና ቅቤ፣ እሬትና ከርቤ ነበረው፤ የጋለ ብረትም ነበረው። የወጌሻን ጥበብ የማቃልል ሰው አይደለሁም። የተሰበረ አጥንት ማቅናት፣ መግል የቋጠረውን ሰንጥቆ ማፍሰስ ያውቁበታል። የማይሰማ እግር ግን ለወጌሻም እንግዳ ነው፤ የወጌሻ ምርመራ የሚጀምረው ታማሚው «እዚህ ጋ!» ብሎ ሲጮህ ነዋ።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ከተማይቱ የገባው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጡ። በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በሕንድ አገር የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በምዕተ ዓመቱ መባቻ ወደ አገራቸው ተመልሰው ማከም ጀመሩ። የምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በዚያው ሰሞን፣ በ1910 እ.ኤ.አ.፣ ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም መድኃኒት ቤት ከፈተና «ላ ጂኦርጂ» አለው። ስሙን ሰምቶ የአራዳው ጊዮርጊስ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ሰውየው ግን የሰየመው በትውልድ አገሩ ነው። (የእርሱም አገር ቅዱስ ጊዮርጊስን እጅግ የምታከብር ናትና የተሳሳተውን ሰው ብዙ አንወቅሰውም።) ሜራብ ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና የጻፈውን መጽሐፍ በ1912 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳትሟል። በ1916 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ፤ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ከአብዮቱ በኋላም የካቲት 12 የተባለው፣ ስድስት ኪሎ ያለው ነው።

ሜራብ መድኃኒት ቤቱን ሲከፍት በዓለም ላይ ኢንሱሊን የሚሸጥ አንድም ቤት አልነበረም። ባንቲንግና ቤስት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ያገኙት በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ የተወጋው በተከታዩ ዓመት ጥር ወር ነው። ኢንሱሊን ሰውን ከሞት አተረፈ። የተረፈው ሰው ዕድሜው ረዘመ። ዕድሜው ሲረዝም ግን ነርቭ ለመጎዳትም ጊዜ አገኘ። የእግር ቁስል የዚያ ታላቅ ስኬት ታናሽ ወንድም ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ስለ ስሙም ጥቂት ልበል። የጥንት ሕንዶች ጉንዳን የሚሰበሰብበትን ሽንት አይተው ሕመሙን በቋንቋቸው «የማር ሽንት» አሉት። እኛ ግን ከማር ጋር በጠጁም በመድኃኒቱም አብረን ኖረን፣ ለሕመሙ ስም ያወጣነው ዘግይቶ በየቤቱ ከገባው ከስኳር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ሰው «ስኳር አለብኝ» ይላል፤ «ዕዳ አለብኝ» እንደሚል። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት በደርግ ዘመን ይህ አነጋገር ምን ያህል ፈገግ ያሰኝ እንደ ነበር ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ስሙ ግን ጉዳትም አድርሷል፤ ሕመሙን የድሎት ቅጣት፣ የፒያሳ ኬክ ቤት ደንበኞች በሽታ አስመስሎታል። ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ነገሩን የጨረሰ ይመስለዋል። ሌስተር የተባሉ ሐኪም ከ1976 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የስኳር ሕሙማንን እየተከታተሉ፣ ሕመሙ በየአካላቸው ያደረሰውን ጉዳትና የሞታቸውን ምክንያት መዝግበው ጽፈዋል። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ዘመን፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሕመሙ በዚህች ከተማ የትናንት እንግዳ አይደለም።

ጫማ ወደ አራዳ የገባው ከወንጂ ስኳር ቀድሞ ነው። አርመኖች በቆዳና በጫማ ሥራ ስማቸውን ተከሉ፤ ዛሬ አንበሳ ጫማ የምንለው ፋብሪካ «ደርማር» በሚል ስም የተመሠረተው በእነርሱ ነው። ጫማ የክብር ምልክት ሆነ። «አራዳ» ከሰፈር ስምነት አልፎ የንቁ ሰው ቅጽል ሲሆን፣ ያ ንቁ ሰው ከጫማው አፍንጫ ይታወቅ ነበር፤ ሹል፣ ጠበብ ያለ፣ ሊስትሮ ፊቱን እስኪያይበት ያበራው። እንዲህ ያለ ጫማ ለሚሰማ እግር ቅጣት ነው፤ ባለቤቱ ቤቱ ሲገባ አውልቆ ይገላገለዋል። ለማይሰማ እግር ግን ወጥመድ ነው፤ እንደ ያዘ ይውላል።

በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ አውቅ ነበር፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ስኳር ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲንጀራቸውን በእግራቸው ሲነዱ ውለው አንድ ማታ ካልሲያቸው ከእግራቸው አልላቀቅ አላቸው፤ ደም አድርቆታል። ጫማቸውን ሲገለብጡት ከሥሩ በስቶ የገባ ሚስማር አገኙ። «ልጄ፣ ምንም አላመመኝም እኮ!» ይሉ ነበር በኋላ ሲያወሩት። አለማመሙን የቆጠሩት እንደ መልካም ዜና ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ጠበቁ፤ የካፕሱል ዱቄት ነሰነሱበት፤ ሌላ ሳምንት ጠበቁ፤ በዚያ ሁሉ ቀን መርገጫውን መንዳት አላቆሙም። መጀመሪያ አንድ ጣታቸው፣ ቀጥሎ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሲንጀር በአንድ እግርም ይነዳል። እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ አልሰፉም።

ካነበብሁት ሁሉ ጋር ሳስተያየው ጋሼን ለዚያ ያበቃቸው ሚስማሩ ብቻ አልነበረም፤ ከሚስማሩ በኋላ የረገጡበት ሁለት ሳምንት ነው። ይህን ለዓለም ያስተማረው ደግሞ የስኳር ሕመም አይደለም። ትምህርቱ የመጣው አራዳ ፊቱን ከሚያዞርበት ወገን፣ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው።

የሥጋ ደዌም እንደ ስኳር ሕመም ነርቭን ይጎዳል። ለብዙ ሺህ ዘመን ሰው ሁሉ ያመነው ሥጋቸው በራሱ ጊዜ እየበሰበሰ እንደሚረግፍ ነው። ፖል ብራንድ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ሕንድ፣ ወደ ቬሎር ሄዶ የእነዚህን ሰዎች እጅና እግር ከዓመት ዓመት ሲመለከት ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘው። ሥጋቸው እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ይድናል። የሚያጠፋው ሥቃይ ማጣታቸው ነው፤ የጋለ ድስት በባዶ እጅ ያነሣሉ፣ በቆሰለ እግር ሳያነክሱ ይሄዳሉ። ማንከስ ለካ መድኃኒት ኖሯል! ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቆስል የሚያነክሰው ቁስሉን ከሸክም ለመጠበቅ ነው፤ ያንን ማንም ሳያስተምረው ያደርገዋል። የማይሰማው ሰው ግን ቁስሉን በሙሉ ክብደቱ፣ በየእርምጃው፣ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ይረግጠዋል። ስለዚህ ብራንድና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም በፊት በሲሎንና በሕንድ የነበሩ ሌሎች ሐኪሞች፣ ቁስሉን በመድኃኒት ከማጥለቅለቅ ይልቅ እግሩን በጀሶ አሸጉት። ብራንድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ፣ በሉዊዚያና ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲዛወር ይህንኑ ለስኳር ሕሙማን እግር አደረገው። ቁስሉ ያው ነበር፤ መድኃኒቱም ያው ሆነ።

የእኛም ከተማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። በደቡብ ምዕራብ ዳርቻዋ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። በዚያው ቦታ በ1965 እ.ኤ.አ. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና የተሃድሶ ማዕከል፣ ሁላችንም «አለርት» የምንለው፣ ተመሠረተ። ከየአፍሪካው አገር የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች የደነዘዘ እግር እንዴት እንደሚጠበቅ የተማሩት እዚያ ነው። በአራዳ የጫማ አፍንጫ ሲሾል፣ በዘነበወርቅ ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ ለተጎዳ እግር ልክ የተበጀ ጫማ ይሰፋ ነበር። ሁለቱ ሰፈሮች አይተዋወቁም። ከባለ ኬኩ ሰፈር የሆነ የስኳር ሕመምተኛ በዚያ ዘመን ወደ ዘነበወርቅ ሂድ ቢባል እንደ ስድብ ይቆጥረው እንደ ነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እንግዲህ መድኃኒቱ በገዛ ከተማው፣ ለመሄድ በሚያፍርበት አቅጣጫ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ጀሶው ትንሽ ልቆይ፤ ቃሉም ቢሆን እንደ «ፒያሳ» ከጣልያንኛ የወረስነው ነው። የደነዘዘ እግር ጡንቻዎቹ ሚዛናቸውን ስለሚያጡ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ይቆለመማሉ፤ ክብደቱም ከጣቶቹ ሥር ባሉት ጥቂት የአጥንት ጉብታዎች ላይ ይወድቃል። ቆዳው ራሱን ለመከላከል መጅ ያወጣል። መጁ ግን ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ሆኖ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጨፈልቀዋል፤ ከውስጥ ደም ይቋጥራል፤ አንድ ቀን ይፈነዳል። ከላይ የምናየው ክብ ቀዳዳ የነገሩ መጨረሻ ነው። ከእግር ሥር እስከ ጉልበት ግርጌ ልክክ ብሎ የሚሠራው ጀሶ ያንን በአንድ ነጥብ ላይ የተከመረ ክብደት ለመላው የእግር ሥርና ለባት ያከፋፍለዋል፤ እርምጃንም ያሳጥራል። ታማሚው እየሄደ ቁስሉ ያርፋል። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲህ ባለ ጀሶ ከ10 ቁስሎች 9ኙ ያህል ሲድኑ፣ እንደ ልብ በሚወልቅ መሣሪያ የዳኑት 65 በመቶ እንደ ነበሩ አሳይቷል። ልዩነቱን ያመጣው ምን ይሆን? ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት መልሱን ሰጠ፤ ሰዎች የሚወልቀውን መሣሪያ አጥልቀው የተራመዱት ከዕለት እርምጃቸው 28 በመቶውን ብቻ ነበር። ቤት ሲገቡ ያወልቁታል። ማን ይፈርድባቸዋል? እኛስ ብንሆን ቤት ገብቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ቀርቦ፣ ማን ጫማውን እንዳደረገ ይቀመጣል! የጀሶው ጥበብ ግማሹ አለመውለቁ ነው።

ጀሶ ግን ለሁሉም አይሆንም። የእግሩ ደም ስር የተዘጋ፣ ወይም ቁስሉ ክፉኛ ያመረቀዘ ሰው መጀመሪያ ያ ሊታከምለት ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ ሐኪም የእግሩን ጀርባና ቁርጭምጭሚቱን በጣቱ ዳብሶ የደም ትርታ ይፈልጋል፤ ቁስሉ አጥንት መድረሱን ይመረምራል፤ የሞተውን ሥጋና መጁን በስለት ይጠርጋል። ተመልካችን የሚያስደነግጠው ይህ ጠረጋ ነው፤ ቁስሉ ከመታከሙ በፊት ከነበረው ሰፍቶ ይታያልና። የተዘጋ ደም ስር የሚከፈትበት ዘዴ አለ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ቁስሉን በስፖንጅና በላስቲክ አሽጎ ፈሳሹን በመምጠጫ የሚስብ መሣሪያ በብዙ አገር ተለምዷል፤ በተለይ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት እግር ይረዳል።

ቁስል «ነፋስ ያግኝ፣ ይድረቅ» የሚለው እምነትም ተሽሯል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ቆዳ ላይ ሞክሮ፣ ተሸፍኖ ርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ተገልጦ ከደረቀው ይልቅ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። ማር ቀብተው በጨርቅ የሸፈኑ አያቶቻችን በዚህ ነጥብ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ማርና ቅባት ከጥንታዊት ግብፅ የፓፒረስ ጽሑፍ ጀምሮ የቁስል መድኃኒት ነው፤ ማር ተዋስያንን እንደሚገታም በቤተ ሙከራ ታውቋል። ይሁን እንጂ በዘርፉ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ማርን አይመክርም፤ ማስረጃው አልበቃውም። ለማር ያለኝ ፍቅር ቢቀየምም ምክንያቱ ይገባኛል። ማር የተቀባ እግር ከተረገጠ ማሩ ምን ያደርጋል?

ከቁስሉ ሌላ የሚፈራ ነገር አለ፤ መቆረጥ። በእኛ ትዝታ እግር መቆረጥ ከሕክምናነቱ በፊት ቅጣት ነበር። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ለጣልያን የተዋጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ከድሉ ታሪክ ጎን ዝቅ ባለ ድምፅ የምንናገረው ታሪክ ነው፤ ግን ከአእምሮ አይጠፋም። «ሆስፒታል ብሄድ ይቆርጡኛል» ብሎ ቤቱ የሚቀመጠውን ሰው አላዋቂ ብዬ ልነቅፈው አልችልም። ያሳዝነኛል እንጂ፤ የሚቆረጠው በአብዛኛው ቤቱ በመቀመጡ ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ ቁስል ማረፍና ጠረጋ ይበቃው ይሆናል። በሁለተኛው ወር የመጣ ቁስል ከእግርና ከነፍስ ያስመርጣል፤ ያን ጊዜ ስለቱም ምሕረት ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ፒያሳ ዛሬ የት እንዳለች አልረሳሁም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የአካባቢው ብዙ መንደር ፈርሷል፤ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ከነትዝታቸው ሄደዋል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማይቱ ዳርቻዎች ተበትኗል። ስለ አዲሱ መንገድ ስፋትና ስለ መብራቱ ሌሎች ይጻፉ። እኔ የማስበው ስለ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ሐኪሙ «አይርገጡ» ያላቸው፣ ነገር ግን ፋሻ ለማስቀየር በየሁለትና በየሦስት ቀኑ መመላለስ ያለባቸው አዛውንት። ድሮ ጎረቤት ደግፎ የሚያደርሳቸው ሐኪም ቤት አሁን ሁለት ታክሲና አንድ ረጅም ሰልፍ ሆኗል። ላለመርገጥ ብለው ይቀራሉ፤ ወይም ለመታከም ብለው ይረግጣሉ። የዚህን ቁስል ሕክምና ከባድ ያደረገው የመሣሪያ ውድነት ብቻ ይመስለን ነበር።

የጠፋ ሌላም ነገር አለ። በአባቶቻችን ቤት ማታ እግር ይታጠብ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከምግብ በፊት ገበቴና ለብ ያለ ውኃ ይቀርባል፤ ልጅ ተንበርክኮ የአባቱን እግር ያጥባል፤ በጣቶቹ መካከል ጣቱን እየሰደደ ያሻል። ቤተ ክርስቲያንም በጸሎተ ሐሙስ ይህንኑ ሥርዓት ትፈጽመዋለች። ዛሬ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሰጠው ምክር ምንድን ነው? እግርህን በየቀኑ በለብታ ውኃ ታጠብ፤ የውኃውን ሙቀት በእግርህ ሳይሆን በክርንህ ለካ፤ በጣቶችህ መካከል በደንብ አድርቅ፤ ከሥር በኩል ማየት ካቃተህ ሌላ ሰው ይይልህ፤ እቤትም ቢሆን ባዶ እግርህን አትሂድ፤ ጫማ ከማጥለቅህ በፊት እጅህን ሰድደህ ውስጡን ዳብስ። ከዚህ ምክር ግማሹ ያ ገበቴ ነው። ያ ልጅ ሳያውቀው የአባቱ እግር መርማሪ ነበር፤ እሾኹን፣ መጁን፣ ስንጥቁን ከባለቤቱ ቀድሞ ያገኘዋል። ቧንቧና ሻወር ሲገባ ገበቴው ወጣ፤ እግርን የሚያይ ሌላ ዓይን አብሮት ወጣ።

አለርት ዛሬ የሥጋ ደዌ ብቻ መታከሚያ አይደለም፤ ጠቅላላ ሆስፒታል ሆኗል፤ ከተማይቱም አድጋ ውጣዋለች። የደነዘዘ እግር ምርመራ ግን አሁንም ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ፣ በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጥ ቀጭን የናይሎን ክር ይበቃል። ነርሷ ታማሚውን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ትነግራቸዋለች፤ «ሲሰማዎት አዎ ይበሉኝ» ትላለች። ክሩን በአውራ ጣታቸው ሥር ታሳርፈዋለች፤ ትንሽ እስኪጎብጥ ትጫነዋለች። «አዎ።» ወደ ትንሿ ጣት ሥር ትሄዳለች። «አዎ።» ወደ መካከል ትመለሳለች፤ ክሩ ይጎብጣል፤ አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገና ክሩን ይጠብቃሉ።